ፊልሜን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያረሙልኝ እናት

ይህን የምጽፈው አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርታችሁ ፍላሽ ውስጥ ላስቀመጣችሁ ልጆች ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። "ፌስቲቫል ምን ይጠቅማል? ቪዛው አበሳ፣ ክፍያው በዶላር፣ ዩቲዩብ ላይ ብጭነው አይሻልም ወይ?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ያሳለፍኩት አንድ ሳምንት ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። እኛ ከተማ ዶክመንተሪ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት የምሥረታ በዓል ይደርሳል፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ተራኪ ይፈለጋል፣ ሕንጻው በድሮን ይቀረጻል፣ ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ ከሥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ ይለቀቃል። ለዓመታት የበላሁት እንጀራ ይኸው ነው፤ አልንቀውም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ሲኒማ ቤት ብትሄድ ለአጭር ፊልም ቦታ የለውም፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ብትሄድ ስፖንሰር ይዘህ ና ትባላለህ።

ስለዚህ በራሴ ገንዘብ ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ ቀረጽኩ። ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራሉ። ስድስት ቀን አብሬያቸው ዋልኩ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጥለቱ ጣት በጣት ሲወጣ፣ ምንም አልቀረኝም ብዬ ነበር። 17 ደቂቃ ወጣው። ከሥሩ የክራር ሙዚቃ አስገባሁበት፣ ከአንድ የታወቀ ዘፈን የተወሰደ፣ ከርዕሱ ጀምሮ እስከ ስም ዝርዝሩ ድረስ። ቆንጆ ነው ብዬ አመንኩ። ጓደኞቼም ቆንጆ ነው አሉኝ።

ከዚያ መላክ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ስለሆነ። ሳላጣራ ለ11 ፌስቲቫሎች ላኩ፣ ክፍያውን ውጭ ያለ ዘመዴ በካርዱ ከፈለልኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአራቱ "ተመርጠሃል" የሚል መልእክትና ቅጠል የተሣለበት ምልክት ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ቆይቼ ስፈልግ ከአራቱ አንዱም አዳራሽ የለውም። በየወሩ "ፌስቲቫል" ያደርጋሉ፣ ሁሉንም ይመርጣሉ፣ ዋንጫውን ከፈለግህ ደግሞ ለብቻው ክፈል ይሉሃል። ፊልሜን አንድም ሰው አላየውም። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ባለፈው ዓመት የት ሲኒማ ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ፊልም እንዳሳዩ የሚገልጽ ፕሮግራም አላቸው? ዳኞቹ እነማን ነበሩ? ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ነው ወይስ በየወሩ? ፕሮግራሙ ካልተገኘ እለፉት።

ላይፕዚግ የደረስኩት ግን በፊልሜ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ጀርመን ሄጄ ነበር። ላይፕዚግ የአባቴ አብሮ አደግ የሆኑ ሰው አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በ1972 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው የመጡ ናቸው። ያኔ ከእኛ አገርም ከሌላውም የሚመጣው ተማሪ መጀመሪያ ሄርደር በሚባለው ተቋም ቋንቋ ይማር ነበር፣ እሳቸውም እዚያ አልፈው መሐንዲስ ሆነው ቀሩ። "ጥቅምት ላይ ና፣ የፊልም ሳምንት አለ" አሉኝ።

ዶክ ላይፕዚግ ይሉታል። የዘጋቢና የአኒሜሽን ፊልም ፌስቲቫል ነው፣ ረጅሙም አጭሩም ይታይበታል። የተጀመረው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጀርመን ለሁለት በተከፈለችበት ዘመን። በምሥራቁ መንግሥት ሥር "የዓለም ፊልሞች ለዓለም ሰላም" የሚል መፈክር ነበረው። የፒካሶ እርግብ ምልክቱ ሆነች፣ ዛሬም ዋናው ሽልማት ወርቃማው እርግብ ይባላል። ጋሼ ተማሪ ሳሉ ካፒቶል በሚባል ሲኒማ ቤት ይገቡ እንደነበር ነገሩኝ። ሌላ ጊዜ የማይገኝ የውጭ አገር ፊልም ለማየት ሰው በብርድ ይሰለፍ ነበር አሉ። እሳቸው የላቲን አሜሪካና የቬትናም ፊልም ያዩት እዚያ ነው። "አገሬን ስናፍቅ የምሄደው እዚያ ነበር፤ የእኛን ባያሳዩም የእኛን የሚመስል ገበሬ አይበታለሁ" አሉኝ።

ያ ሳምንት ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነ። በቀን አራት አምስት ፊልም አየሁ። ከ200 በላይ ፊልም በአንድ ሳምንት ይታያል፣ መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። የስምንት ደቂቃ ፊልም ለማየት አዳራሽ ሙሉ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ስም ዝርዝሩ እስኪያልቅ አይነሳም። ከዚያ መብራት ይበራል፣ ዳይሬክተሯ ትወጣለች፣ ጥያቄ ይጀመራል። ጥያቄው ደግሞ የሙገሳ አይደለም። "እናትየዋ ካሜራውን አጥፊ ስትልሽ ለምን አላጠፋሽም?" ብሎ አንድ ወጣት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ዳይሬክተሯ ለአፍታ ዝም አለችና "ዛሬ ቢሆን አጠፋ ነበር" አለች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ምረቃ ላይ ይጨበጨባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይኬዳል።

ሌላም ነገር አለ። ፌስቲቫሉ ሬጊስ ብራይቲንገን የሚባል የወጣቶች ማረሚያ ቤት ውስጥ ፊልም ያሳያል። ታራሚዎቹ ራሳቸው ዳኛ ሆነው ሽልማት ይሰጣሉ። ይህን ስሰማ ፊልም ማየት የማን ነው የሚለው ነገር በውስጤ ተገለበጠ። ቃሊቲ፣ ዝዋይ እያልኩ አሰብኩ። ይቻላል እኮ። አንድ ፕሮጀክተርና ፈቃድ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ባቡር ጣቢያው ልምጣ። የላይፕዚግ ዋናው ባቡር ጣቢያ በአውሮፓ ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በፌስቲቫሉ ሳምንት የምሥራቁ አዳራሽ ውስጥ ስክሪን ይተከልና ፊልም በነፃ ይታያል፣ ትኬት የለ ምን የለ። መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ይቀመጣል፣ ባቡሩ ሲደርስ ይነሳል፣ ሌላ ይተካል። አንድ ማታ ከጋሼ ጋር እዚያ ተቀመጥን። አጠገባችን አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ባሮ ሽንኩርቱ ከዘንቢላቸው ጫፍ ብቅ ብሏል፣ ኮታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈውታል። ከገበያ ሲመለሱ አረፍ ያሉ ነው የሚመስሉት። ፊልሙ ሲያልቅ ከጋሼ ጋር ወሬ ጀመሩ። ጋሼ እኔን እያሳዩ "ይሄም ፊልም ሠሪ ነው" አሏቸው። ምን ሠራህ አሉኝ። ሸማኔ አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። "አሳየኝ" አሉ።

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እዚያው ወንበር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየተተራመሰ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ 17ቱን ደቂቃ አዩት። አንዴም ቀና አላሉም። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁና ሁለት ነገር ጠየቁ። ጋሼ ተረጎሙልኝ።

አንደኛው፣ "የዕቃውን ድምፅ ለምን ደበቅከው?"

ሁለተኛው፣ "ፈትሉን የፈተለው ማነው?"

ሴትዮዋ ወጣት ሳሉ ሽፒነራይ በሚባለው የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ፋብሪካው እዚያው ላይፕዚግ ነው፣ በ1884 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። በደህናው ጊዜ 240,000 እንዝርት ነበረው ይባላል፣ በአህጉሪቱ ከሁሉ ትልቁ። ጥጡን ለማግኘት በዛሬዋ ታንዛኒያ እርሻ ሁሉ ነበረው። ዛሬ ሥራው ቆሞ የሠዓሊዎች ስቱዲዮና ጋለሪ ሆኗል። እኚህ እናት ጆሯቸው የተበላሸው እዚያ ነው፣ ለዚህ ነው ማዳመጫውን በደህናው ጆሯቸው ብቻ ያደረጉት። "ድምፁ ነው ሥራው። ማሽኑ ሲታመም መጀመሪያ የምሰማው በድምፁ ነበር። የአንተ ሰውዬም እየሰሙ ነው የሚሠሩት፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ አየሁ። ምን እንደሚሰሙ ግን አላሰማኸኝም" አሉኝ።

አፈርኩ። ልክ ነበሩ። ሸማኔው ጭንቅላታቸውን ዘንበል የሚያደርጉበትን ቦታ እኔ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ቆርጬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ለምን ዘንበል እንዳሉ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ክራሩ ሸፍኖብኝ ነበር። ፈትሉስ? በእኛ አገር የምትፈትለው ሴት እንደሆነች ማን ያጣዋል? የሸማኔው ባለቤት እትዬ ከካሜራዬ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ስድስቱንም ቀን እንዝርት ይዘው ተቀምጠው ነበር። ፍሬም ውስጥ እንዳይገቡብኝ ብዬ "እትዬ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" ያልኩበት ቀን ሁሉ አለ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይሰማኛል።

እንግዲህ ለእኔ የዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ጥቅም ይኼ ነው። የማያውቅህ፣ ይሉኝታ የማይዘው፣ ከአንተ ጋር ቡና የማይጠጣ ሰው ሥራህን እስከ መጨረሻው አይቶ ያልገባውን ይጠይቅሃል። ጓደኛ አይጠይቅም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሰው ሃያ ሰከንድ አይቶ "በርቱ" ብሎ ያልፋል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ጊዜውን ሰጥቶሃል፣ ስለዚህ ይጠይቅሃል። በእኔ ፊልም ላይ ይህ የሆነው ከፕሮግራሙ ውጭ፣ በሽንኩርት ዘንቢል አጠገብ መሆኑ ምንም አይደለም፤ ፌስቲቫሉ ባይኖር እኛን ሦስታችንን እዚያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ነገር አልነበረም።

አገር ቤት ስመለስ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ካሜራውን ወደ እትዬ አዞርኩ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አሾር አድርገው ሲለቋት የምታሰማው ድምፅ አለ። በጣም ትንሽ ናት። ማይኩን ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር ላይ አድርጌ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እስኪዘጋ ጠብቄ ነው የቀዳሁት። ሸማኔውንም ለምን ዘንበል እንደሚሉ ጠየቅኳቸው። "ድሩ ሊበጠስ ሲል ይናገራል" አሉኝ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ ፊልሙን እንደገና ቆረጥኩት። ሙዚቃው በሙሉ ወጣ። 13 ደቂቃ ሆነ።

እንደገና የቆረጥኩትን ፊልም ለስድስት ፌስቲቫሎች ብቻ ላኩ፣ ሁሉንም አጣርቼ። አምስቱ አልተቀበሉትም። አንዱ፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ አነስ ያለ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል፣ ተቀበለው። ቪዛዬ ሳይደርስ ቀረ፤ ቀጠሮ ያገኘሁት ፌስቲቫሉ ካለቀ በኋላ ለሚውል ቀን ነበር። በቪዲዮ ጥሪ ነው ከአዳራሹ ሰው ጋር የተነጋገርኩት። ስክሪኔ ላይ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ አንድ መቶ ሰው የሚሆን ግን ይሰማኛል። አንዱ ስለ ድምፁ ጠየቀኝ። ስለ እኚያ እናት ነገርኳቸው።

አሁን በሥራው የተማርኩትን ልስጣችሁ፣ ቅደም ተከተል የለውም።

ፊልማችሁን ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፣ ቢያንስ ፌስቲቫሉን እስክትጨርሱ። ብዙ ደህና ፌስቲቫሎች ፊልሙ ሌላ ቦታ ያልታየ መሆኑን ይፈልጋሉ፣ ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ደግሞ እንደታየ ይቆጠራል። በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ ይበቃል። አንድ የማውቀው ልጅ በጣም ጥሩ ፊልም ሠርቶ በጉጉት በመጀመሪያው ማታ ለቀቀው፣ ከዚያ በር ሁሉ ተዘጋበት።

ሙዚቃ የሌላ ሰው ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የእኔ ክራር ባይወጣ ኖሮ የተቀበለኝ ፌስቲቫልም ይጥለኝ ነበር፣ የመብት ወረቀት ጠይቀውኛልና። የቀረጻችሁትንም ሰው አስፈርሙ። ማንበብ ለማይችል አንብባችሁለት፣ ምስክር ባለበት። ሸማኔው ሲፈርሙ "ሰው አገር ሲታይ እኔ ምን እጎዳለሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስ ይዛችሁ ሂዱ።

የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፉን አማርኛም እንግሊዝኛም በሚያውቅ ሰው አሠሩ፣ ከዚያ አማርኛ ለማይችል ሰው አሳዩት። የመጀመሪያውን ያሠራሁት ብር ከፍዬ ነበር፤ "ድር" የሚለውን የሸረሪት ድር ብለው ተረጎሙልኝ። እኚያ እናት ግራ የገባቸው አንዱ ነገር እሱ ነበር፣ በኋላ ጋሼን ጠይቀዋቸው ነው ያወቅነው።

የመላኪያ ክፍያ ካቃታችሁ ቀኑ ሳያልፍ ለፌስቲቫሉ በቀጥታ ጻፉ። ከየት እንደሆናችሁ፣ በምን ገንዘብ እንደሠራችሁት፣ ዓለም አቀፍ ካርድ ማግኘት ከባድ መሆኑን በአምስት መስመር ንገሯቸው። ከስድስቱ ሦስቱ የመላኪያውን ክፍያ ትተውልኛል። ልመና አይደለም፣ ብዙዎቹ ለዚህ ብለው የሚይዙት፣ ክፍያውን የሚያስቀር ኮድ አላቸው።

ርዝመቱን አስቡበት። ለኦስካር አጭር ፊልም የሚባለው ስም ዝርዝሩን ጨምሮ እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ላይፕዚግ ላይ ወርቃማውን እርግብ ያገኘ አጭር ፊልም ለዚያ ውድድር ብቁ ይሆናል። በተግባር ግን ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች አምስት ስድስት አጭር ፊልም አንድ ላይ ነው የሚያሳዩት፣ ስለዚህ የ12 ደቂቃ ፊልም ቦታ ከ30 ደቂቃው ይልቅ በቀላሉ ያገኛል። ፊልሙ 30 ደቂቃ የሚፈልግ ከሆነ ግን አትቁረጡት።

ላይፕዚግን ብቻ አትዩ። ለአጭር ፊልም የፈረንሳዩ ክሌርሞን ፌራን አለ፣ በጥርና በየካቲት መካከል የሚደረግ፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአጭር ፊልም ገበያም አለው፣ የቴሌቪዥን ገዢዎች እዚያ ይመጣሉ። ለዘጋቢ ፊልም የአምስተርዳሙ ኢድፋ ኅዳር ላይ ነው። ቤርታ ፈንድ የሚባለው ክንፉ እንደ እኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ረጅም ዘጋቢ ፊልሞች ገንዘብ ይሰጣል። ማመልከቻውን ለመጻፍ ሁለት ወር ስጡት። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ በአንድ ማታ የተጻፈ ነበር፣ ያስታውቃል።

ቪዛ የሚያስፈልግ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤውን በተቀበሏችሁ ቀን ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም ያኔውኑ ያዙ። እኔ አሥር ቀን ዘገየሁ፣ አሥር ቀኑ ነው ያስቀረኝ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት አንድ ፌስቲቫል ተመልካች ሆናችሁ ዋሉ። ውጭ ያላችሁ፣ ፍራንክፈርት ይሁን ስቶክሆልም ይሁን ዋሽንግተን፣ አጠገባችሁ አንድ አይጠፋም። አገር ውስጥ ያላችሁም አዲስ አበባ ላይ የፊልም ፌስቲቫል ሲኖር፣ የባህል ማዕከላቱ በነፃ ሲያሳዩ፣ ሂዱና እስከ ጥያቄው ድረስ ተቀመጡ። ጥያቄ እስኪደርስ የሚወጣ ሰው የማታውን ግማሽ ጥሎ ነው የሚሄደው።

እንደገና የቆረጥኩትን ፊልም ለጋሼ በሊንክ ልኬላቸው ነበር። የእኚያን እናት ስልክ ይዘውት ኖሮ ቤታቸው ሄደው አሳዩዋቸው። እንዝርቷ ጋ ሲደርስ ሦስት ጊዜ አስመልሰው አዩ አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ቡናና ኬክ አቀረቡላቸው።

ከዚያ ሽሮ ሜዳ ወሰድኩት። የሸማኔው ግቢ ውስጥ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተዋስኩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወንበሩን ይዞ መጣ። ልጆቹ ሸማኔውን ባዩ ቁጥር ይጮሃሉ፣ እሳቸውም ይስቃሉ። እትዬ ከኋላ፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የራሳቸው እጅ አንሶላው ላይ ሲታይ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ምንም አይሰማም። እትዬ እጃቸውን አነሱና "ዝም በሉ፣ ልስማበት" አሏቸው።